ኦኒ ኒስካነን

ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን (1910 – 1984 እ.ኤ.አ.) በትውልድ ፊንላንዳዊ፣ በዜግነት ስዊድናዊ የሆኑ የጦር መኮንንና የአትሌቲክስ አሰልጣኝ ነበሩ። ይበልጥ የሚታወቁት አበበ ቢቂላን አሠልጥነው ለሮምና ለቶኪዮ የኦሊምፒክ ማራቶን ድሎች በማብቃታቸው ነው።

ወደ ኢትዮጵያ መምጣት

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ሠራዊቱን በአዲስ መልክ ለማደራጀት የስዊድን መኮንኖችን ቀጥሮ ነበር። ኒስካነንም በ1946 እ.ኤ.አ. መጥተው በክብር ዘበኛ የስፖርት አሰልጣኝ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ተሳትፋ አታውቅም ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልበርን ነው።

ከአበበ ቢቂላ ጋር

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በመንዲዳ አቅራቢያ ባለችው ጃቶ ተወለደ። ያደገበት አካባቢ ደጋ ነው፤ ብዙም የማይርቀው ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በእንዲህ ያለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክስጅን የሚያጓጉዙ ቀይ የደም ሕዋሳትን በብዛት ይሠራል። ይህ ለረጅም ርቀት ሯጭ ትልቅ ጥቅም ቢሆንም ብቻውን አሸናፊ አያደርግም። ፍጥነትን መመጠን፣ ተቀናቃኝን ማወቅና የት ላይ ማምለጥ እንደሚገባ ማቀድ የሥልጠና ውጤት ነው፤ የኒስካነን ድርሻም እዚህ ላይ ነበር።

አበበ ክብር ዘበኛን ከተቀላቀለ በኋላ በኒስካነን ሥር ሠለጠነ። በ1960 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ በተደረገ ማራቶን 2:21:23 ሮጠ። ይህ ሰዓት በወቅቱ የኤሚል ዛቶፔክ ከነበረው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን (2:23:03) የተሻለ ነበር። ኒስካነን አበበ ቢቂላንና አበበ ዋቅጅራን ይዘው ወደ ሮም አቀኑ።

ሮም

ሮም ላይ የተገዛው አዲስ ጫማ ለአበበ አልተመቸውም፤ እግሩም ውሃ ቋጠረ። በባዶ እግሩ መሮጥ ስለለመደ በዚያው እንዲወዳደር ተወሰነ። ኒስካነን በብርቱ እንዲጠነቀቃቸው ከነገሩት ሯጮች አንዱ ሞሮኳዊው ራህዲ ቤን አብደስላም ነበር። ይሁን እንጂ ራህዲ የሮጠው በተጠበቀው 26 ቁጥር ሳይሆን በ185 ነበር። በመሆኑም አበበ አብሮት የሚሮጠው ሰው የተነገረው ተቀናቃኝ መሆኑን ሳያውቅ 26 ቁጥርን ሲፈልግ ቆየ።

የማምለጫው ቦታ አስቀድሞ የተመረጠ ነበር፤ ፋሺስቶች ዘርፈው ሮም ያቆሙት የአክሱም ሐውልት አካባቢ ነው። አበበ እዚያ አካባቢ ፍጥነቱን ጨምሮ ራህዲን በ25 ሰከንድ ቀደመውና 2:15:16.2 በሆነ ሰዓት የዓለም ምርጥ ሰዓትን አሻሻለ። ዕለቱ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። አበበ ዋቅጅራ 7ኛ ወጣ።

ቶኪዮ

ከ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የቶኪዮ ውድድር ስድስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይህም ሆኖ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በጫማ ሮጦ በ2:12:11.2 አሸነፈ፤ ሁለተኛ የወጣውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

የኋለኞቹ ዓመታት

በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ አበበ በጉዳት ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቋርጥ፣ የክብር ዘበኛ ባልደረባው ማሞ ወልዴ ወርቁን አስቀረ። መጋቢት 1961 ዓ.ም. አበበ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሸኖ አካባቢ፣ መኪናው ተገልብጦ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ከታከመ በኋላም በአካል ጉዳተኞች የቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አረፈ።

ኒስካነን ከአሰልጣኝነት ሌላ በትምህርት ሚኒስቴር የስፖርት ትምህርት፣ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀልና የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በመርዳት ሥራ አገልግለዋል። በ1984 እ.ኤ.አ. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ትሩፋት

ከኒስካነን በኋላ የአትሌቲክስ ሥልጠናው እንደ ንጉሤ ሮባና ወልደመስቀል ኮስትሬ ባሉ ኢትዮጵያውያን አሰልጣኞች እጅ ገባ። ስለ አበበ ሕይወት በ2009 እ.ኤ.አ. የተሠራው «አትሌቱ» የተሰኘው ፊልም አሰልጣኙንም ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዱ አድርጎ ያቀርባል።