የዓድዋን ልብስ አጣቢዎች የጠየቁት ሳይንቲስት

ወንዝ በሚያልፍበት ቀበሌ ሁሉ ልብስ የሚታጠብበት የታወቀ ቦታ አለ። እናቶች ሸማ የሚያጥቡት፣ ልጆች የሚዋኙት፣ ከብት የሚጠጣው፣ የመስኖ ቦዩም የሚጠለፈው ብዙውን ጊዜ ከዚያው ውኃ ነው። ቢልሃርዚያ የተባለው በሽታ ሰውን የሚይዘው በዚህ ዓይነቱ ቦታ በመሆኑ፣ የበሽታውን መተላለፊያ ለመቁረጥ ሕይወታቸውን ሙሉ የደከሙትን የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ለማኅበር መሪዎች ማቅረቡ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

በቅድሚያ ስለ በሽታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ቢልሃርዚያ ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። በሽታው ያለበት ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃው ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል በውኃ ውስጥ የሚኖረውን አንድ ዓይነት ትንሽ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ በብዙ ሺህ ይራባና ወጥቶ፣ ውኃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በመሆኑም ውኃውን አፍልቶ መጠጣት ብቻውን አያድንም፤ እግር መንከር ይበቃል። በሽታው ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ ጉበትን ይጎዳል፣ ሆድን በውኃ ይነፋል፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ገበሬውንም ከእርሻው ያስቀራል። መስኖ የሚያጠጣ፣ ሩዝና አትክልት የሚያለማ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ የሚውል መሆኑ የታወቀ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ አገር ከፍተኛ ትምህርታቸውን ተከታትለው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ዲግሪ የተመረቁ የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዚያን ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሲሄዱ ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ አልሞላም። በከተማው ወንዞች ዳር እየተዘዋወሩ ቀንድ አውጣ ሲሰበስቡ አንድ ነገር ልብ አሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ ይልቅ በዝተው ተገኙ።

ወጣቱ ሳይንቲስት ይህን አይተው ማስታወሻ ጽፈው ብቻ አላለፉም። ከልብስ አጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ወደተቀመጡበት ዕቃ እንድትጨምርላቸው ጠየቋት። ጨመረችም፤ ቀንድ አውጣዎቹ ጥቂት ቆይተው ሞቱ። የዕድሜ ልክ ሥራቸው የተጀመረው ከዚያ ነው። እኛ ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ገጠር ስንወርድ ለማስተማር እንቸኩላለን፤ ገበሬው እጅ ላይ ያለውን ነገር ምን እንደሚሠራበት መጠየቁን ግን እንዘነጋዋለን። እንዶድ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ልብስ ሲታጠብበት የኖረ ተክል ሲሆን፣ ፍሬው ሳይበስል ተለቅሞ፣ ደርቆና ተወቅጦ ለማጠቢያ እንደሚያገለግል ማንኛዋም እናት ታውቃለች።

እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ድረስም በዚያው በዓድዋ አምስት ዓመት የፈጀ የመስክ ሥራ ተካሄደ። በወንዞቹ ውስጥ በየጊዜው የእንዶድ ዱቄት እየተጨመረ ቀንድ አውጣዎቹ እንዲጠፉ ተደረገ። ውጤቱ ሲመዘን፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 የነበሩት ወደ 7 ዝቅ ብለው ተገኙ። በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ ግን ከመቶ 63 የነበረው ወደ 34 ነበር የወረደው። ይህ ልዩነት የሚያስገርም አይደለም። ቀንድ አውጣውን መግደል አዲስ ሰው እንዳይያዝ ይከላከላል እንጂ፣ ቀድሞ በታመመው ሰው ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል አያወጣም። ለዚያ የሚያገለግለው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ሲሆን፣ የታከመው ሰው ወደተበከለው ውኃ ተመልሶ ከገባ እንደገና ይያዛል። መጸዳጃ ጉድጓድ ከወንዝ ርቆ ካልተቆፈረና ሰው ካልተጠቀመበትም እንቁላሉ ወደ ውኃው መፍሰሱን አያቆምም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ አለ። እንዶድ ቀንድ አውጣን ብቻ ሳይሆን ዓሣንም ይገድላል። የጤና ባለሙያ ሳይመክርበትና መጠኑ ሳይለካ ማንም ተነሥቶ ወንዝ ውስጥ የሚጨምረው አይደለም። ሲወቀጥ ዱቄቱ ዓይንና አፍንጫን ያቃጥላል፤ ለኮሶም ሆነ ለሌላ ሕመም ተብሎ የሚጠጣው እንዶድ ደግሞ ለሕይወት አደገኛ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። የዓድዋው ውጤት እንዲህ ሆኖ ሳለ እንዶድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ቶሎ ተቀባይነት አላገኘም። ለዚሁ ሥራ በፋብሪካ የሚዘጋጀው የውጭ ኬሚካል ዋጋው ለድሃ አገሮች የማይቀመስ ነበር። ገበሬው በአጥሩ ሥር ሊያበቅለው የሚችለው ተክል ግን ለሰውና ለእንስሳት ጠንቅ አለመሆኑ በታወቁ የውጭ ላቦራቶሪዎች ካልተመሰከረ አይታመንም ተባለ። ምርመራው ተገቢ መሆኑን ማንም አይክድም። ሆኖም ይህን ያህል ምርመራ ለማካሄድ የሚያስፈልገው ገንዘብና መሣሪያ በእኛ አገር አልነበረም። ከዓድዋው ወንዝ እስከ ተፈላጊው ምርመራ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ፤ ሥራው በካናዳ ድጋፍ መከናወን የጀመረው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ላይ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ወንዝ ዳር ያደጉት ልጆች ስንት እንደሆኑ መገመት ለማኅበር መሪ አያዳግትም።

ዶክተር አክሊሉ ይህን ሁሉ ብቻቸውን አልሠሩትም። የእጽዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየአካባቢው የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ እየዘሩና እያወዳደሩ ምርቱም ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይሉም ከፍ ያለውን መረጡ። ቁጥር 44 ተብሎ የታወቀው ይህ ዓይነት ነው። ዘር መርጦ ያባዛ ገበሬ ድካሙን ያውቀዋል። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን ሽልማት ስቶክሆልም ላይ በአንድነት ተቀበሉ።

ከዚህ በኋላ እንዶድ አሜሪካም ደረሰ። በታላላቆቹ ሐይቆች ውስጥ ተራብቶ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን አንድ ባለ ዛጎል እንስሳ ነበርና፣ በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ከዶክተር አክሊሉ ጋር ሆኖ እንዶድ እንደሚገድለው በሙከራ አረጋገጠ። ለዚህ አጠቃቀም የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያስመዘገበውም ዩኒቨርሲቲው ነው።

ዶክተር አክሊሉ በኋለኛው ዘመናቸው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ፣ በተለይም በሕፃናት መርጃ ድርጅቱ በዩኒሴፍ አገልግለው እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በአክሊሉ ለማ ስም ተሰይሟል።