ሻምበል አበበ ቢቂላና የአንጎል ሥነ ሕይወታዊ ሰዓት የነርቭ መስመር

የሻምበል አበበ ቢቂላ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በእግሮቹ ነው። በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ፤ ኋላም በደረሰበት የመኪና አደጋ መራመድ ተሳነው። ይሁንና የሮምን የምሽት ሩጫ፣ የቶኪዮን ጉዞና የ1969ኙን አደጋ በአንድነት የሚያያይዝ ሌላ የአካል ክፍል አለ። እርሱም የቀንና የሌሊትን ዑደት የሚመራው የአንጎል ሰዓትና ከዚያ የሚነሣው የነርቭ መስመር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የአትሌቱን ሕይወት በዚሁ መስመር ይከተላል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አበበ በ1932 በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ፤ በዚያም በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን መሪነት ለረጅም ርቀት ሩጫ ተዘጋጀ። በ1960 የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን የተጀመረው የቀኑን ሙቀት ለመሸሽ ሲባል በኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 11፡30 ላይ ነበር። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ወታደሮች በያዙት የችቦ ብርሃን እየተመራ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ድሉ የሥልጠናውና የጽናቱ ፍሬ ነው። የውድድሩ ሰዓት ግን ለተመራማሪ ትኩረት የሚስብ ነው፤ የሰው የሰውነት ሙቀትና የጡንቻ ጉልበት በብዛት ከፍ የሚሉት ከቀትር በኋላ መገባደጃ ጀምሮ እስከ ምሽት ባሉት ሰዓቶች ነውና።

ይህን ከፍታና ዝቅታ የሚመራው በሃይፖታላመስ ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይን ነርቮች ከሚገናኙበት ሥፍራ በላይ የሚገኝ ሱፕራካያዝማቲክ ኒውክለስ የተባለ ጥንድ የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ 24 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ የራሱ ዑደት አለው፤ ሕዋሳቱ እርስ በርስ በመገናኘት አንድ የጋራ ሰዓት ይሆናሉ። ይህንንም ሰዓት ከዓለም ጋር የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። በሬቲና ያሉ ልዩ ሕዋሳት የንጋትንና የምሽትን መልእክት በቀጥታ ወደዚያ ያደርሳሉ። የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ቀኑን ከንጋት እንደሚጀምር ሁሉ፣ የአንጎልም ሰዓት ራሱን በየዕለቱ ከብርሃን ጋር ያስተካክላል።

ማስተካከያው ግን ጊዜ ይወስዳል። ቶኪዮ ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ትቀድማለች፤ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ሰዓቱን የሚያቀድመው በቀን በአማካይ 1 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በ1964 የቶኪዮ ማራቶን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ሲጀመር በአዲስ አበባ ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነበር። አበበ ከውድድሩ ሳምንታት ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ይህም ሆኖ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ አሸንፎ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ በእግር ጉዳት ምክንያት ውድድሩን አቋረጠ፤ ወርቁን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደ።

በመጋቢት ወር 1969 ሌሊት ላይ ይነዳት የነበረችው መኪና ተገለበጠች። በኅብለ ሰረሰሩ ላይ የደረሰው ጉዳት በመጀመሪያ እግሮቹን ብቻ ሳይሆን እጆቹንም አላንቀሳቅስ አለ። በእንግሊዝ አገር፣ በነርቭ ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን በ1944 በተመሠረተው የስቶክ ማንዴቪል ማዕከል ለወራት ታከመ። እጆቹ ዳኑ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በኋላም በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ፣ በኖርዌይም በበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር ተሳተፈ።

የእጆቹ መዛል ጉዳቱ በአንገት አካባቢ መድረሱን ያመለክታል። የአንጎል ሰዓት አንዱ ዋና መስመር የሚያልፈውም በዚሁ ሥፍራ ነው። መልእክቱ ከሃይፖታላመስ ተነሥቶ በአንገት በኩል ወደ ላይኛው የደረት ኅብለ ሰረሰር ይወርዳል፤ ከዚያ ወጥቶ በአንገት ወዳለው የነርቭ ሕዋሳት ቋጠሮ ይመለሳል፤ በመጨረሻም በአንጎል መካከል ወደሚገኘው የፓይኒያል ዕጢ ይደርሳል። ዕጢው በጨለማ ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ኅብለ ሰረሰራቸው በአንገት ላይ ሙሉ በሙሉ በተቋረጠባቸው ሰዎች የተደረጉ ጥናቶች የሌሊቱ የሜላቶኒን ጭማሪ እንደሚጠፋ አሳይተዋል። ጉዳቱ ከዚህ መስመር በታች ሲሆን ግን ጭማሪው ይቀጥላል። እንዲህ ባለው ጉዳት ዕጢውና ሰዓቱ ሁለቱም ጤነኞች ሆነው ሳለ የሚያገናኛቸው መንገድ ብቻ ይቋረጣል።

አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ይኖር በነበረበት በ1972 ሁለት የአሜሪካ የምርምር ቡድኖች፣ ይህ የሕዋሳት ስብስብ ሲወድም የአይጦች ዕለታዊ ዑደት እንደሚጠፋ በየፊናቸው አሳወቁ። የሰዓቱ መቀመጫ በታወቀ በዓመቱ፣ በጥቅምት ወር 1973፣ አትሌቱ በአንጎል ውስጥ በደረሰ የደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ በአዲስ አበባም በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ከዚህ ሕይወት ለሕክምናና ለምርምር የሚተርፈው ቁም ነገር ግልጽ ነው። የኅብለ ሰረሰር ጉዳት የሚለካው በእግርና በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ሊሆን አይገባም። በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ነርቮቻቸው የተጎዱ ሰዎችን በማከም ለረጅም ዘመን እንዳገለገለ ሁሉ፣ የነርቭ ጉዳት ከሚታየው የአካል ክፍል አልፎ መላ ኑሮን እንደሚነካ በከተማይቱ የሚታወቅ ነው። በመኪና አደጋ አንገቱ ተጎድቶ ለመጣ ሕመምተኛ፣ እግርህ ይታዘዛል ወይ ከሚለው ጥያቄ ጎን ለጎን ሌሊቱን እንዴት ታሳልፋለህ የሚለውም ሊጠየቅ ይገባል። እንቅልፍ ማጣቱ የጭንቀት ወይም የሥቃይ ውጤት ብቻ ተደርጎ ከታለፈ፣ የተቋረጠው መስመር ሳይመረመር ይቀራል።