ዶክተር ኮርኔሊየስ ቫን ዳይክ፤ ሐኪምና ለኪ

በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ «ሊ» የተባለ አሮጌ የከዋክብት መመልከቻ ሕንጻ ቆሟል። ከክፍል ወደ ክፍል ስንሮጥ በአጠገቡ ዘወትር እናልፋለን፤ የማን ሥራ እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም ነበር። መሥራቹ እንደኛው ሕክምና የተማሩ ሰው መሆናቸውን የተረዳነው ዘግይተን ነው።

ዶክተር ቫን ዳይክ እ.አ.አ. በ1818 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። በፊላደልፊያ ሕክምና ተምረው በ1840 በሚስዮናዊነት ቤይሩት ገቡ። ዐረብኛን ጠንቅቀው ያዙ፤ ከከተማው በላይ በተራራው ላይ ባለችው በአቤይህ መንደርም አስተማሩ። በ1857 የተረከቡት የመጽሐፍ ቅዱስ የዐረብኛ ትርጉም በ1865 ታትሟል። ስለዚህ ሥራቸው ብዙ ስለተባለ እናልፈዋለን።

ለኛ የሚበልጠው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1866 በተከፈተው የሶርያ ፕሮቴስታንት ኮሌጅ፣ ማለትም በዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ ሕክምናንና ሥነ ከዋክብትን አስተማሩ፤ ለአልጀብራ፣ ለጂኦሜትሪና ለኬሚስትሪ የዐረብኛ መማሪያ መጻሕፍት ጻፉ። በ1870ዎቹም መመልከቻውን አቋቋሙ፤ ለመሣሪያዎቹ መግዣ ከገዛ ኪሳቸው አወጡ። የአየሩ ሁኔታ በየቀኑ እየተለካ በቴሌግራፍ ወደ ቁስጥንጥንያ ይላክ ነበር።

ይህ ቀላል ሥራ የሚመስለው ካለ ባሮሜትር አንብቦ አያውቅም። ዓይን ከሜርኩሪው ጫፍ ጋር ትክክል ካልሆነ ንባቡ ይዛባል። ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ሜርኩሪው ስለሚሰፋ የአየሩ ግፊት ሳይለወጥ ንባቡ በ0.12 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ በቤይሩት የበጋ ሙቀት፣ በ25 ዲግሪ፣ 3 ሚሊሜትር ያህል መቀነስ አለበት ማለት ነው። ከባሕር ወለል 11 ሜትር ያህል ከፍ ሲባል ደግሞ 1 ሚሊሜትር ይጎድላል። እነዚህ ሁሉ ታርመው እንኳ ያው ሰው ያንኑ መሣሪያ ደግሞ ቢያነብ ጥቂት ይለያያል፤ ይህን መገመት እንጂ ማረም አይቻልም።

በአማርኛችን ስሕተት ሲባል ጥፋት፣ ነውርም ይመስላል። በፊዚክስ ግን ለኪ ሁሉ የማያመልጠው ነገር ነው። እኛም ይህ ስላልገባን ያፈርንበት ቀን አለ። በተለማመድንበት ሆስፒታል የደም ግፊት ስንለካ ከርመን፣ አንድ ነባር ሐኪም መዝገባችንን ገልጠው ቁጥሮቹ ሁሉ በዜሮ ማለቃቸውን አሳዩን። መሣሪያው በየ2 ሚሊሜትር የተከፈለ ነው፤ ስለዚህ በዜሮ ማለቅ የነበረበት ከአምስቱ አንዱ ያህል ብቻ ነበር። አጠጋግተን ጽፈናል፤ 138 የነበረው በሽተኛ 140፣ ወይም 130 ተብሏል። የትኛው እንደሆነ ዛሬ ማወቅ አይቻልም።

ወደ ዶክተሩ እንመለስ። በሐምሌ 1882 የኬሚስትሪው መምህር ኤድዊን ሉዊስ በምረቃ ንግግራቸው የዳርዊንን ሥራ በመልካም ስላነሡ ከኮሌጁ እንዲለቁ ተደረገ። የሕክምና ተማሪዎች ትምህርት አቁመው ተቃወሙ፤ ብዙዎቹም ታገዱ። ዶክተር ቫን ዳይክ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 64 ነበር፤ ከነባሮቹ መምህራን አንዱ ስለሆኑ ዝም ቢሉ የሚነካቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ሥራቸውን ለቀቁ፤ ያቋቋሙትን መመልከቻም ተዉ። ከዚያ በኋላ በከተማው በቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል በሽተኞችን ያክሙ ነበር። በኅዳር 1895፣ ከገቡ በ55 ዓመታቸው፣ እዚሁ ቤይሩት አረፉ።