ሳቅና ምርመራ፦ የመንግሥቱ ለማ ሕይወትና ተውኔቶች

የብሪታንያ ፊልም ሠሪዎች የወንጀል ታሪክን ከሳቅ ጋር አዋሕዶ የማቅረብ ልማድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 በወጣው «ግሪን ፎር ዴንጀር» በተሰኘው ፊልም ውስጥ አለስተር ሲም የተጫወተው መርማሪ በብልኀቱ የሚመካ፣ ነገር ግን የሚሳሳት ፖሊስ ነው። ተመልካች በእርሱ ይስቃል፤ የሚመረመረው ጉዳይ ግን በሆስፒታል የተፈጸመ ግድያ ነው። ይኸው ተዋናይ እ.ኤ.አ. በ1954 የጄ. ቢ. ፕሪስትሊ ተውኔት «አን ኢንስፔክተር ኮልስ» ወደ ፊልም ሲለወጥ መርማሪውን ሆኖ ተጫውቷል። ይህን ተውኔት «ጠያቂ» በሚል ርእስ ወደ አማርኛ የመለሰው ደግሞ መንግሥቱ ለማ ነው።

መንግሥቱ በ1916 ዓ.ም. ተወልዶ በሐረር አደገ። አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ስለ ነበሩ፣ የመጀመሪያ ዕውቀቱን ያገኘው ከቤተ ክህነት ትምህርት ነው። በዘመናዊ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ወደ ለንደን ሄዶ ትምህርቱን ቀጠለ። ወደ አገሩ ተመልሶ በመንግሥት ሥራ ተሰማራ፤ በሕንድም በዲፕሎማትነት አገለገለ። በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበብ መምህር ሆነ።

በ1955 ዓ.ም. የቀረበው «ጠልፎ በኪሴ» ሳቅን ከወንጀል ጋር ያገናኘበት ሥራው ነው። የተውኔቱ መነሻ ጠለፋ ነው። በጊዜው ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርገውም፣ ጠላፊው የተጠለፈችውን ሴት በሕግ ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። ስለዚህ ሠርግ የወንጀል መሸፈኛ ሊሆን ይችል ነበር። እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ኮሜዲ መጻፍ በደሉን ያቃልል ይሆን የሚል ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ነገር ግን የመንግሥቱ ሳቅ ያነጣጠረው በተበዳይዋ ላይ ሳይሆን፣ ተምረናል እያሉ የጥንቱን ልማድ እንደ ጀግንነት በሚቆጥሩ የከተማ ወጣቶች ላይ ነው። ሳቁ ሕጉን አልለወጠም፤ ጋብቻ ጠላፊን ከቅጣት የማያድነው ከ1997ቱ የወንጀል ሕግ ወዲህ ነው። ተውኔቱ ግን ጥያቄውን አስቀድሞ በሕዝብ ፊት አቅርቦታል።

መጠየቅ የመንግሥቱ የዘወትር ጠባይ ነበር። «ያላቻ ጋብቻ» በተሰኘው ተውኔቱ የዘርና የማዕረግን ልዩነት በትዳር በኩል ጠየቀ። አባቱንም ስለ ሕይወታቸው ጠይቆ፣ የነገሩትን በድምፅ ቀርጾ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» በሚል ርእስ አሳተመ። «ጠያቂ»ን መምረጡም ከዚሁ ጠባዩ ጋር ይስማማል። በፕሪስትሊ ተውኔት ውስጥ አንድ እንግዳ መርማሪ በአንድ ሀብታም ቤተሰብ የእራት ማዕድ መካከል ይደርስና፣ ራሷን ስላጠፋች አንዲት ምስኪን ሠራተኛ ይጠይቃል። በመጨረሻ እያንዳንዱ የቤቱ ሰው ለሞቷ ድርሻ እንደ ነበረው ይገለጣል።

ይህ አሳብ ከለንደን የመጣ ቢሆንም ለኢትዮጵያ ተመልካች እንግዳ አይደለም። በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆቦ ቆላ፣ ዘወልድ በሚባለው ነባር ሥርዐት ሽማግሌዎች የደም ጠብን ያበርዳሉ። በዚያ ሸንጎ በደል የገዳዩ ብቻ ሳይሆን የወገኑም ጉዳይ ነው፤ ዕርቁም ዘመድን ሁሉ ይመለከታል። የፕሪስትሊ ቤተሰብ የሸሸውን የጋራ ኀላፊነት የቆቦ ሽማግሌዎች ከጉዳዩ መነሻ ጀምረው ያነሡታል። ጠለፋም ቢሆን በዚያ ቆላ ትርጉሙ የሚጠፋበት ሰው የለም። ስለዚህ የመንግሥቱ ተውኔቶች ለአዲስ አበባ መድረክ ቢጻፉም፣ ጥያቄያቸው ቆቦ ድረስ ይዘልቃል።

መንግሥቱ ለማ በ1980 ዓ.ም. ዐረፈ። ከአለስተር ሲም መርማሪዎች ጋር የሚያመሳስለው፣ ሳቅን የምርመራ መንገድ ማድረጉ ነው። ተመልካች በሌላው ሰው ሲስቅ ይቆይና፣ ተጠያቂው ራሱ መሆኑን የሚያውቀው መጋረጃው ሲዘጋ ነው።