ጆርጅ ኦርዌል ፖሊስ በነበረ ጊዜ

«አኒማል ፋርም»ን ወይም «1984»ን ያላነበባችሁ እንኳ የጆርጅ ኦርዌልን ስም ሳትሰሙ አትቀሩም። የሆነ ቦታ መንግሥት ሰው ሰለለ፣ ቃል አጣመመ ሲባል ስሙ ይነሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሰውዬው ራሱ ፖሊስ የነበረ መሆኑን ነው። ያውም የቅኝ ገዢ ፖሊስ፣ ያውም ለአምስት ዓመት ገደማ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

እውነተኛ ስሙ ኤሪክ አርተር ብሌር ነው። በ1903 ህንድ ውስጥ ሞቲሃሪ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የእንግሊዝ መንግሥት ህንድ ውስጥ ባቋቋመው የኦፒየም መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነበር። አዎ፣ ያኔ አደንዛዥ ዕፁን የሚያስመርተው መንግሥት ራሱ ነበር። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ እናቱ ይዛው እንግሊዝ ገባች። ኢተን የሚባለው የጌቶች ልጆች ትምህርት ቤት በስኮላርሺፕ ተማረ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዩኒቨርሲቲ የሚባል ደጅ አልረገጠም። (ዲግሪ ለሌለን ሰዎች ጥሩ ዜና ነው።) በ1922፣ በ19 ዓመቱ፣ የህንድ ኢምፔሪያል ፖሊስን ፈተና አለፈና ምድብህን ምረጥ ሲባል በርማን መረጠ። የእናቱ ዘመዶች እዚያ ሞልሜይን ከተማ ይኖሩ ነበር።

ማንደሌይ በሚገኘው የፖሊስ ማሠልጠኛ ሕግና የበርማ ቋንቋ ተማረ። እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም የተማረው ሕግ ራሱ አንድ ታሪክ ነው።

በርማ ያኔ የብሪቲሽ ህንድ አንድ ግዛት ነበረች። ፖሊሱ የሚተዳደረው በ1861 በወጣው የፖሊስ ሕግ ነው። ይህ ሕግ የወጣው በ1857 ህንዶች በእንግሊዝ ላይ ካመፁ ከአራት ዓመት በኋላ ስለሆነ ዓላማውን መገመት አያቅትም። ኮንስታብሉ ሁልጊዜ ሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠራል፤ እረፍቴ ነው፣ ፈረቃዬ አልቋል ብሎ ነገር የለም። ያለ ፈቃድ ሌላ ሥራ መሥራት አይችልም። አለቃው ቢፈልግ ያባርረዋል፣ ካልሆነም እስከ አንድ ወር ደሞዙን ይቆርጠዋል፣ ወይም እስከ 15 ቀን ከሰፈር እንዳይወጣ አድርጎ የቅጣት ሰልፍ፣ ተጨማሪ ጥበቃና የጉልበት ሥራ ያሠራዋል። ጥፋቱ ከበድ ካለ ደግሞ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ እስከ ሦስት ወር እስር ወይም የሦስት ወር ደሞዝ፣ ወይም ሁለቱም።

ለዚህ ቅጣት የሚያበቁት ጥፋቶች ዝርዝር ነው የሚገርመው። ፈሪነት አለበት። ከእረፍት በሰዓቱ አለመመለስ አለበት። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ ሥራ መልቀቅ አለበት። እዚያው መሃል ላይ በቁጥጥር ሥር ያለን ሰው ያለአግባብ መደብደብም አለ። ማለትም እስረኛን መግረፍ በጽሑፍ ክልክል ነበር፤ ቅጣቱ ግን ከእረፍት ከቀረ ኮንስታብል ቅጣት ጋር እኩል ነው።

ክልከላው ይሠራ ነበር ወይ? መልሱን የሰጡት ራሳቸው እንግሊዞቹ ናቸው። በ1872 ባወጡት የማስረጃ ሕግ፣ ተጠርጣሪ ለፖሊስ የሰጠው የእምነት ቃል ፍርድ ቤት ውስጥ ማስረጃ እንዳይሆን ከለከሉ። የራሳቸው ፖሊስ ያንን ቃል እንዴት እንደሚያወጣው ያውቁ ነበራ! በ1902 የተቋቋመው የፖሊስ ኮሚሽንም ኃይሉ በደንብ ያልሠለጠነ፣ ጉቦኛና ጨቋኝ ነው ብሎ ሪፖርት አደረገ። ደንብ በደንብ ላይ ተከምሮ፣ ደሞዙ ግን ትንሽ፤ ሕዝቡም የሚያየው መለዮውን ብቻ።

ብሌር እንግዲህ የዚህ ማሽን አንዱ ብሎን ሆነ። በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ትዋንቴ በተባለች ቦታ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ደህንነት በሱ ኃላፊነት ሥር ነበር። እስቲ አስቡት፣ በዚያ ዕድሜ! ከዚያ የነዳጅ ማጣሪያ ወዳለባት ሲሪያም፣ ቀጥሎ ትልቅ እስር ቤት ወዳለባት ኢንሴይን፣ ከዚያም ሞልሜይን። ከብዙዎቹ ጓደኞቹ በተለየ የበርማ ቋንቋ አቀላጥፎ ቻለ። በጣቶቹ አንጓ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ ክቦችም ተነቀሰ። የበርማ ገጠር ሰዎች ይህ ንቅሳት ከጥይትና ከእባብ ይጠብቃል ብለው ያምኑ ነበር። አንድ የንጉሥ ፖሊስ ይህንን ማድረጉ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

በ1936 ያሳተመው ስለ ዝሆን የሚያወራ ጽሑፉ የሞልሜይንን ጊዜ ይተርካል። አንድ የሥራ ዝሆን አብዶ ከተማው ውስጥ ሰው ይገድላል። ፖሊሱ ጠመንጃ አስመጥቶ ሲደርስ ዝሆኑ ተረጋግቶ ሣር ይግጣል፤ መግደል አያስፈልግም ነበር። ግን ከኋላው ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ተኮሰ። ለምን? እንዳይሳቅበት። ሰው ስለሞተ ሕጉ ከሱ ጋር ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም። ታሪኩ በትክክል ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚለውን የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። እኔ ግን የማምነው አንዱን ነገር ነው፦ መለዮ የለበሰ ሰው ሕዝብ ፊት ሲቆም የሚመራው ማን እንደሆነ ከዚህ በተሻለ የጻፈ አላየሁም።

የመጨረሻ ምድቡ በሰሜን በርማ ካታ ነበረች። በ1927 እዚያ ዴንጊ ያዘውና በሐምሌ ወር በእረፍት ወደ እንግሊዝ ሄደ። ቤተሰቡ ጋ ደርሶ ትንሽ እንደቆየ አልመለስም አለ፤ ጸሐፊ ነው የምሆነው። ለአባቱ ትልቅ ድንጋጤ ነበር። መልቀቂያው ከጥር 1 ቀን 1928 ጀምሮ ጸና። ቅድም ያልኳችሁን አስታውሱ፦ አንድ የበርማ ኮንስታብል ከእረፍት ቢቀር እስር ቤት ሊገባ ይችላል። መኮንኑ ደብዳቤ ጻፈ፣ አለቀ። ሰውዬው በኋላ ላይ በዚያ አምስት ዓመት የተሸከመው ጥፋተኝነት እንደከበደው በ1937 መጽሐፉ ላይ ጽፏል፤ ፓሪስና ለንደን ውስጥ ሳህን እያጠበ፣ ከቤት አልባዎች ጋር እያደረ የኖረውም በከፊል ለዚህ ነው።

ጆርጅ ኦርዌል የሚለውን የብዕር ስም የያዘው በ1933 ነው። «በርሚዝ ዴይስ» የተሰኘው ልብ ወለዱ ካታን ስለሚመስል የእንግሊዝ አሳታሚዎች የስም ማጥፋት ክስ ፈርተው በ1934 መጀመሪያ የወጣው አሜሪካ ነው። «አኒማል ፋርም» በ1945፣ «1984» በ1949 ታተሙ። በጥር 1950፣ በ46 ዓመቱ፣ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። የመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተጻፈው ኦርዌል አይደለም፣ ኤሪክ አርተር ብሌር ነው። የ1861ዱ የፖሊስ ሕግ ግን ከሱ በላይ ዕድሜ አገኘ፤ ህንድ በ1947 ነፃ ከወጣች በኋላም ለአሥርተ ዓመታት ፖሊሶቿን ስትቀጣና ስታሰማራ የኖረችው በዚያው ሕግ ነው።