ሻርል ፔሮና የሲንደሬላ የክርስትና እናት

ሽሬክ 2 የተባለውን የካርቱን ፊልም (እ.ኤ.አ. 2004) ያየ ሰው፣ የሲንደሬላን ደግ የክርስትና እናት የምታስታውስ ጠንቋይ እዚያ ክፉ ሆና ያገኛታል። የራሷ የመድኃኒት ፋብሪካ አላት፤ የድሮ ውለታዋን እየቆጠረች ንጉሡን ታስጨንቃለች፤ ልጇን ለልዕልቲቱ ለመዳር ትሯሯጣለች። እኔም መጀመሪያ ሳየው ፊልሙ በጥንቱ ተረት ላይ እያላገጠ ነው ብዬ ነበር። በክፍል የተማርነው ድኅረ ዘመናዊነትም ይኸው መሰለኝ፤ የቆየውን አንስቶ መገልበጥ። የተረቱን ጸሐፊ ሕይወት ካነበብኩ በኋላ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ።

ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1628 ፓሪስ ውስጥ ከደህና ቤተሰብ ተወለደ። ሕግ ተማረ፤ ጥብቅናውን ግን ብዙም አልገፋበትም። ዕድሉ የተቃናው የንጉሥ ሉዊ 14ኛ ታላቅ ሚኒስትር የነበረው ኮልቤር ሲያስጠጋው ነው። በእሱ ሥር ሆኖ የንጉሡን የሕንፃ ሥራዎች ለረጅም ዓመታት አገለገለ፤ በ1671 የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆነ። በ1683 ኮልቤር ሲሞት ግን ፔሮም ደጋፊ አጣና ከቦታው ተነሣ። ሚስቱ ቀደም ብላ በ1678 ስለሞተች ልጆቹን ማሳደግ ያዘ።

ዝም ብሎ ግን አልተቀመጠም። በ1687 የዘመኑ ደራስያን ከግሪክና ከሮም ጥንታውያን አያንሱም የሚል ግጥም በአካዳሚው አስነበበና ከባድ ክርክር አስነሣ። በ1697፣ በ69 ዓመቱ፣ ስምንት ተረቶች የያዘች ትንሽ መጽሐፍ በልጁ ስም አወጣ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ተረቶቹ ሁሉ ከባዶ የተፈጠሩ አልነበሩም። ሲንደሬላንም ሆነ ባለ ቦት ጫማዋን ድመት ጣሊያናዊው ባዚሌ ከእሱ በፊት በራሱ መንገድ ተርኳቸዋል። የዱባውን ሠረገላና የመስታወት ጫማውን የጨመረው ፔሮ ነው። ቀልድም ጨምሯል፤ መቶ ዓመት ተኝታ የነቃችው ልዕልት የለበሰችው የአያት ዘመን ልብስ መሆኑን ልዑሉ እያየ ዝም ይላታል። በይነ ቴክስታዊነት የሚለውን ቃል ጁሊያ ክርስቴቫ ያወጣችው በ1960ዎቹ ቢሆንም፣ ሥራው ቀድሞም ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የሲንደሬላ መጨረሻ ነው። ፔሮ ሁለት ምክር አስቀምጧል። አንደኛው ደግነት ከውበት እንደሚበልጥ ይናገራል። ሁለተኛው ደግሞ ብልህነትና ጉብዝና ጥሩ ቢሆኑም የሚያቆም የክርስትና አባት ወይም እናት ከሌለ ዋጋ እንደሌላቸው ይገልጻል። በኮልቤር ወጥቶ ከኮልቤር ጋር የወረደ ሰው ይህን ሲጽፍ ቀልዱ ከራሱ ኑሮ የመጣ ይመስለኛል። የዲስኒ ፊልም በ1950 ታሪኩን ከፔሮ ሲወስድ ይህን ሁለተኛ ምክር ተወው። እኛም የምናውቃት ደጓን ብቻ ሆነች።

ስለዚህ ሽሬክ 2 ላይ ልጇን በዘመድ ሥራ ለማንገሥ የምትለፋው ጠንቋይ የፔሮ ተቃራኒ አይደለችም። የፊልሙ ሠሪዎች አስበውትም ይሁን ሳያስቡት፣ የተገለበጠው የዲስኒ ተረት ነው እንጂ የፔሮ አይደለም። ፔሮ በ1703 ሞተ። አንድ ፊልም የጥንቱን አበላሸ ከማለታችን በፊት ጥንቱን ገልጠን ብናየው ጥሩ ነው እላለሁ፤ እኔ ሳላይ ፈርጄ ነበርና።