ሩዝቬልት ያላገኙት መድኃኒት

ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዮርክ ግዛት ተወለዱ። በ39 ዓመታቸው በፖሊዮ ታመው እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ። ይህ ሳያግዳቸው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነው አራት ጊዜ ተመረጡ፤ አገራቸውንም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሩ።

በማርች 1944 የልብ ሐኪም ሲመረምራቸው የደም ግፊታቸው 186 በ108 ሆኖ ተገኘ። ልባቸውም ደክሞ ነበር። ጨው እንዲቀንሱና እንዲያርፉ ተነገራቸው፤ የልብ መድኃኒትም ተሰጣቸው። ግፊቱን በአግባቡ የሚያወርድ መድኃኒት ግን በዘመኑ አልነበረም። ለሕዝቡ ይነገር የነበረው ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ደህና መሆናቸው ነው።

በፌብሩዋሪ 1945 ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ፣ ግብጽ ውስጥ በጦር መርከብ ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴንና የሳዑዲውን ንጉሥ አብዱልዓዚዝን በየተራ ተቀብለው አነጋገሩ። ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 12 ቀን በጆርጂያ ግዛት በሚገኘው ማረፊያ ቤታቸው ተቀምጠው ሳለ ኃይለኛ ራስ ምታት ያዛቸው፤ ወዲያው ራሳቸውን ሳቱ። ግፊታቸው ሲለካ ከ300 በ190 አልፏል። አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በዚያው ዕለት በ63 ዓመታቸው ሞቱ።

የሩዝቬልት ግፊት ቢለካም መድኃኒቱን አላገኙም። ዛሬ ግን መድኃኒቱ አለ፤ ብዙዎቻችን ያልተለካን በመሆናችን ግፊታችንን አናውቅም። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አያሳይም። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተደጋገመ ከፍተኛ ነው። በሰፈርዎ ወይም በመስጂድዎ ነፃ ምርመራ ሲዘጋጅ ሳይለኩ አይለፉ፤ ወላጆችዎንም ይዘው ይሂዱ።